“ትውልደ ኢትዮጵያዊት” የምንላት መቼ ነው?

በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሎምፒክ የሴቶች 10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ለተሰንበት ግደይ ያንን ወበቅ ተቋቁማ ረጅሙን ርቀት ከፊት ሆና መራች። በመጨረሻው ዙር ግን ሁለት ሴቶች አልፈዋት ሄዱ። ሲፋን ሀሰን በ29 ደቂቃ ከ55.32 ሰከንድ ወርቁን ወሰደች። ቃልኪዳን ገዛኸኝ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ልዩነት ተከትላት ገባች። ለተሰንበት ሦስተኛ ሆነች። ሦስቱም የተወለዱት ኢትዮጵያ ውስጥ ነው፤ የተሰቀሉት ባንዲራዎች ግን የኔዘርላንድስ፣ የባህሬንና የኢትዮጵያ ነበሩ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ የአዋጆቹ ሲቀሩ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ያ ኦሎምፒክ ሲጠናቀቅ የኢትዮጵያ ቡድን ይዞ የተመለሰው አራት ሜዳሊያ ነበር፤ ወርቁም የሰለሞን ባረጋ ብቻ። ሲፋንና ቃልኪዳን ሁለቱ ተደምረው ያገኙትም አራት ነው፤ ከእሱ ውስጥ ሁለቱ ወርቅ። ቃልኪዳን ደግሞ ለእኛ እንግዳ አልነበረችም። በ2010 በዶሃ የዓለም የቤት ውስጥ ሻምፒዮና የ1500 ሜትር ወርቅ ያመጣችው በአረንጓዴ ቢጫ ቀይ ነው።

የዚያን ቀን የሰማሁት አስተያየት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ቴሌቪዥን ከሚያዩ ሰዎች ግማሹ “ሦስቱም የኛ ናቸው” እያለ ሲደሰት ሌላው ግማሽ “ለተሰንበትን ያስበሏት የራሷ እህቶች ናቸው” ብሎ ተቆጣ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ የተደሰተውም ተቆጣ፣ የተቆጣውም ተደሰተ። “ትውልደ ኢትዮጵያዊት” የሚለው ቃል ይህን መወላወል በደንብ ይሸከማል። ስታሸንፍ የእኛ ያደርጋታል፤ የእኛን ልጅ ስታሸንፍብን ደግሞ “ትውልደ” የሚለው ብቻ ይጎላል፣ ተወልዳ የሄደች ማለት ይሆናል።

ስሜቱ እጅግ ጎልቶ የወጣው በ2024 ፓሪስ ላይ ነው። በሴቶች ማራቶን መጨረሻ ላይ ሲፋንና ትዕግስት አሰፋ መታጠፊያው ላይ ተጋፉ፣ ክርን ከክርን ተነካካ። ሲፋን በ2:22:55 የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ሰብራ ገባች፤ ትዕግስት በሦስት ሰከንድ ተቀደመች። የኢትዮጵያ ወገን አቤቱታ አቀረበ፣ ውድቅ ተደረገ። ማኅበራዊ ሚዲያው ለቀናት ሲነድ ሰነበተ። እኔ ግን አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ ትዕግስትን የገፋቻት ሦስተኛ የወጣችው የኬንያዋ ሄለን ኦቢሪ ብትሆን ኖሮ ክርክሩ ስለ ውድድር ደንብ ይሆን ነበር። ሲፋን ስለሆነች ክርክሩ ስለ ደም ሆነ። ክህደት የሚለው ቃል የመጣው ከክርኑ አይደለም፤ ከክርኑ በፊትም ነበረ።

ሲፋን አዳማ የተወለደች ናት። በ2008 በ15 ዓመቷ ኔዘርላንድስ የገባችው ስደተኛ ሆና እንጂ በማናጀር ተጋብዛ አይደለም። ነርስነት እየተማረች ነው ሩጫ የጀመረችው፣ ዜግነት ያገኘችውም በ2013 ነው። የኢትዮጵያን ማሊያ ለብሳ አታውቅም፤ ስለዚህ አውልቃ የጣለችው ማሊያ የለም። ያሰለጠናት፣ ያሳከማት፣ ሰነድ የሰጣት ሌላ አገር ነው። እሷን “ትታን ሄደች” ማለት ታሪኩን መገልበጥ ይመስለኛል፤ አንዲት ልጅ በ15 ዓመቷ ብቻዋን የምትሰደድበት ምክንያት የሚጠየቀው ከልጅቷ አይደለም።

ለጀርመን የሚሮጠው አማናኤል ጴጥሮስም እንዲሁ ነው። ኤርትራ ተወልዶ በልጅነቱ ከእናቱ ጋር ወደ ኢትዮጵያ ተሰደደ፣ ትግራይ አደገ፣ በ2012 ገና ወጣት ሳለ ብቻውን ጀርመን ገባ። በጦርነቱ ጊዜ ትግራይ ከነበሩት እናቱና እህቶቹ ጋር ግንኙነቱ ተቋርጦበት ነበር፤ በዚያ ጭንቀት ውስጥ ሆኖም ይሮጥ ነበር። በ2025 የቶኪዮ የዓለም ሻምፒዮና ማራቶን ላይ ከታንዛኒያዊው አልፎንስ ሲምቡ ጋር እኩል 2:09:48 ተመዘገበላቸው፤ ወርቁን ያጣው በሰከንድ መቶኛ ሦስት ነው። ይህ ልጅ የማን ነው? የአንድ አገር ብቻ ነው የሚል መልስ ለእኔ አይዋጥልኝም።

የቤተ እስራኤል ልጆች መንገድ ደግሞ ሌላ ነው። ማሩ ተፈሪ በ2023 ቡዳፔስት ላይ በማራቶን ለእስራኤል ብር ሲያገኝ ከኋላው ነሐሱን የወሰደው የኢትዮጵያው ልዑል ገብረሥላሴ ነበር። ከዚያ ዓመት በፊትም ሙኒክ ላይ በአውሮፓ ሻምፒዮና ማሩ ብር፣ ጋሻው አየለ ነሐስ አግኝተዋል። የእነሱ ቤተሰቦች እስራኤልን የመረጡት ለሩጫ አይደለም፤ ለትውልዶች “ኢየሩሳሌም” ሲሉ የኖሩ ናቸው። በእስራኤል ግን በቆዳቸው ቀለም የሚያገልሏቸው ሰዎች እንዳሉ ማኅበረሰቡ ራሱ በአደባባይ ተሰልፎ ተናግሯል። ስለዚህ ሜዳሊያው እዚያ የሚያስተላልፈው መልእክት አለ፤ እኛ ከዚህ ሆነን “ለማን ሮጡ” እያልን ስንቆጥር ያ መልእክት ያመልጠናል።

ጣሊያን ያደገውን የማነብርሃን ክሪፓን ደግሞ ማን ሊወቅስ ይችላል? ወላጆቹን ያጣ ሕፃን ነበር፤ የሚላን ባልና ሚስት እሱንና ወንድም እህቶቹን ወስደው አሳደጉ። በ2022 የአውሮፓ የ10 ሺህ ሜትር ሻምፒዮን ሆነ።

እስካሁን ያነሳኋቸው ሁሉ ሕይወት ወስዶ ያደረሳቸው ናቸው። ሌላም መንገድ አለ፤ የእኔ ቅሬታ ያለው እዚያ ነው።

በ2003 ኬንያዊው ስቴፈን ቼሮኖ የኳታር ዜግነት ወስዶ ሰይፍ ሰዒድ ሻሂን ተባለ። በዚያው ዓመት ፓሪስ ላይ በ3 ሺህ ሜትር መሰናክል የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን ወንድሙ አብርሃም ቼሮኖ በዚያው ውድድር ለኬንያ ይሮጥ ነበር። ወንድሙ እንኳን ደስ አለህ ሊለው እንዳልወደደ በወቅቱ በሰፊው ተዘግቧል። ኬንያ ፈቃድ ስለከለከለችው ሻሂን የ2004ቱን የአቴንስ ኦሎምፒክ አልሮጠም፤ ኬንያውያን ከአንድ እስከ ሦስት ገቡ። ከዚያ ፍጻሜ አሥር ቀን በኋላ ብራሰልስ ላይ 7:53.63 ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። ያ ሰዓት በኳታር ስም 19 ዓመት ገደማ ቆይቶ የሰበረው የእኛው ለሜቻ ግርማ ነው፣ በ2023።

ባህሬንና ቱርክም በዚሁ መንገድ ሄደዋል። የአርሲዋ ዘነበች ቶላ ስዊዘርላንድ ጥገኝነት ጠይቃ ከቆየች በኋላ የባህሬን ዜግነት አግኝታ ማርያም ዩሱፍ ጀማል ተባለች፤ በ2007ና በ2009 የ1500 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። ሔዋን አበየ በቱርክ ኤልቫን አቤይለገሰ ሆነች። ኬንያዊቷ ቪቪያን ጄምታይ ያስሚን ጃን ተብላ ከ2016 ጀምሮ የአውሮፓን አገር አቋራጭ አራት ጊዜ በተከታታይ አሸነፈች።

የስሙ ነገር ከሜዳሊያው በላይ ያስቆጨኛል። እኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም የሚባል የለም፤ ከስማችን ቀጥሎ የሚጠራው የአባታችን ስም ነው። አንድ አትሌት ሲያሸንፍ በመላው ዓለም ሰሌዳ ላይ የሚጻፈው የእሱ ብቻ ሳይሆን ገጠር ያለው የአባቱም ስም ነው። ቶላ የሚባል አባት ልጁ የዓለም ሻምፒዮን በሆነች ቀን ስሙ ሳይጠራ ቀርቷል። ሲፋን ሀሰን ግን ሀሰንን ይዛ ነው መድረክ የወጣችው፣ ማሩም ተፈሪን ይዞ። ሰው ሃይማኖቱንም ስሙንም በፈቃዱ ቢቀይር መብቱ ነው፤ ማንም አያገባውም። የስም ለውጡ ከፓስፖርትና ከደመወዝ ጋር አንድ ላይ ሲመጣ ግን ፈቃዱ ምን ያህል ፈቃድ እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የተሰጠው ዜግነት ምን ያህል ጽኑ እንደሆነ ያሳየን ደግሞ የሙሽር ሳሌም ጀውሃር ጉዳይ ነው። ኬንያ ሲወለድ ስሙ ሊዮናርድ ሙቼሩ ነበር። ለባህሬን ሲሮጥ ቆይቶ በ2007 መጀመሪያ እስራኤል ውስጥ የጥብርያዶስን ማራቶን ሮጦ አሸነፈ። ባህሬን ዜግነቱን ነጠቀችው። ሮጠህ ያገኘኸውን ዜግነት ሮጠህ የምታጣው ከሆነ ያ ዜግነት ከሥራ ውል በምን ይለያል? የሥራ ውል እንኳ ሲፈርስ የሚከራከሩበት ፍርድ ቤት አለው። ሲፋን ነገ ሩጫ ብታቆም ኔዘርላንዳዊት ናት። ለእኔ በሁለቱ መንገዶች መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ነው። ጥያቄው “አገሯን ትወዳለች ወይ” ሳይሆን “እግሯ ሲዝል ያቺ አገር የእሷ ሆና ትቀራለች ወይ” የሚለው ነው።

የስፖርቱ የበላይ አካል የዓለም አትሌቲክስም ጉዳዩ ገበያ መሆኑን በይፋ አምኗል። በ2017 መጀመሪያ ላይ የዜግነት ዝውውርን በሙሉ አገደ። የአፍሪካ ተወካዩ ሐማድ ካልካባ በወቅቱ አሠራሩን የአፍሪካ ልጆች ለከፍተኛ ተጫራች የሚቀርቡበት የጅምላ ገበያ አድርገው ነበር የገለጹት። በ2018 እገዳው ሲነሳ አዲስ ደንብ መጣ። ለአንድ አገር የሮጠ አትሌት ወደ ሌላ ሲዛወር ሦስት ዓመት ይጠብቃል። ከ20 ዓመት በታች ያለ አይዛወርም። ዝውውሩም በዕድሜ ልክ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ አገሪቱም ሙሉ ዜግነትና መብት መስጠቷ ይመረመራል። ደንቡ ጥሩ ነው፣ ገበያውን ግን አልዘጋውም። በ2025 የፓሪሱ የዲስከስ ወርቅ ባለቤት ጃማይካዊው ሮጄ ስቶና ወደ ቱርክ ለመዛወር መጠየቁ ተዘግቧል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ ባህሬን በዶፒንግ ጉዳዮች ጥፋቷን አምና ከቅጣቶቹ አንዱ እስከ 2027 ድረስ በዝውውር የውጭ አትሌት እንዳትወስድ ሆነ።

ዶፒንግን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ኤልቫን በቤጂንግ ኦሎምፒክ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ከጥሩነሽ ዲባባ ኋላ ሁለት ብር ወስዳ ነበር፤ ከዓመታት በኋላ ናሙናዋ ዳግም ተመርምሮ ተነጠቀች፣ በ5 ሺህ የመሰረት ደፋር ነሐስ ወደ ብር ከፍ አለ። በዚያን ጊዜ እኛ “ቱርካዊቷ” ነው ያልናት። በ2004 የ5 ሺህ ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን ስትሰብር ግን ትውልደ ኢትዮጵያዊት ነበረች።

ለምን ይሄዳሉ ለሚለው ጥያቄ ገንዘብ ብሎ መመለስ ይቀላል፣ ግማሹም እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን ሂሳብ ነው። በኦሎምፒክ ከአንድ አገር በአንድ ርቀት ሦስት ሰው ብቻ ነው የሚሮጠው። ሚኒማ ያሟላው ሠላሳ ቢሆንም ሦስት ነው። ታምራት ቶላ ለፓሪሱ ማራቶን ተጠባባቂ ነበር፤ ሲሳይ ለማ ተጎድቶ ውድድሩ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ነው የገባው። በ2:06:26 የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ አሸነፈ። አራተኛችን የዓለም አንደኛ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም። ታምራት ዕድል ቀናው። እሱ ያገኘውን ቦታ ሳያገኙ የቀሩት ሱሉልታና ሰንዳፋ በሌሊት ተነስተው ሮጠው፣ ለሌላው ዓመት ደግሞ ሌላ አዲስ ልጅ መጥቶባቸው፣ የሩጫ ዕድሜያቸው ያልቃል። ምርጫው ግልጽ ባልሆነበትና በየኦሎምፒኩ ዋዜማ በፌዴሬሽንና በኦሎምፒክ ኮሚቴ መካከል ጭቅጭቅ በሚሰማበት አገር “ታገሽ” ማለት ለተናጋሪው ነው የሚቀለው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ትዝ ይለኛል። በ2021 ሰኔ መጀመሪያ ላይ ሲፋን በኔዘርላንድሷ ሄንግሎ ከተማ የአልማዝ አያናን የ10 ሺህ ሜትር ክብረ ወሰን ሰብራ 29:06.82 ሮጠች። ከሁለት ቀን በኋላ፣ በዚያው መም ላይ፣ ለተሰንበት 29:01.03 ሮጣ የሲፋንን ሰበረች። ለተሰንበት የሮጠችው ደግሞ የኢትዮጵያ የኦሎምፒክ ማጣሪያ ላይ ነው። ብሔራዊ ቡድናችንን የመረጥነው ኔዘርላንድስ ላይ ነበር ማለት ነው። ሩጫችን መሙን፣ ማናጀሩን፣ ጫማውንና የሽልማት ገንዘቡን ከውጭ ሲያገኝ ማንም ክህደት አላለውም፤ ልክም ነው። አትሌቷ ስትሻገር ብቻ ቃሉ የሚመጣ ከሆነ ግን ሚዛኑ ተዛብቷል።

ተቀባዮቹ አገሮችም ቢሆኑ አቀባበላቸው የጸዳ አይደለም። አስመራ የተወለደው መብራህቶም ክፍለዝጊ በ12 ዓመቱ ሳንዲያጎ ገብቶ እዚያው ተምሮ እዚያው ሩጫ ጀመረ። በ2009 የኒውዮርክን ማራቶን ሲያሸንፍ ከ1982 ወዲህ የመጀመሪያው አሜሪካዊ ነበር። በማግስቱ አንድ ጋዜጠኛ “በወረቀት ብቻ አሜሪካዊ” የሚል ይዘት ያለው ጽሑፍ አወጣ፤ ቁጣ ሲነሳ ይቅርታ ጠየቀ። በ2014 መብራህቶም የቦስተንን ማራቶን ሲያሸንፍ ያለፈው ዓመት የቦምብ ጥቃት የገደላቸውን ሰዎች ስም በደረቱ ቁጥር ላይ ጽፎ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የማን ነህ ያለው የለም ማለት ይቻላል። ለብሪታንያ የሮጠውን ሞ ፋራህንም በ2012 ሁለቱን ወርቅ ባገኘበት ለንደን ለሶማሊያ መሮጥ ትመርጥ ነበር ወይ ብለው ጠይቀውታል። አገሬ ይህ ነው አለ። ከአሥር ዓመት በኋላ እውነተኛ ስሙ ሁሴን አብዲ ካሂን መሆኑን፣ በልጅነቱም በሰው ስም በሕገወጥ መንገድ እንግሊዝ መግባቱን ራሱ ተናገረ። እስኪያሸንፍ ድረስ ጥቁር ስደተኛ፣ ሲያሸንፍ የእኛ፤ ሁለተኛው ቃል ከእኛ “ትውልደ” ጋር ይመሳሰላል።

ከዚህ ጋር አንድ ተቃራኒ ምሳሌ ላንሳ። በዚሁ በ2025ቱ ቶኪዮ ትዕግስት አሰፋ በሁለት ሰከንድ ተቀድማ ብር ባገኘችበት የሴቶች ማራቶን ነሐሱን የወሰደችው የኡራጓይዋ ጁሊያ ፓተርናይን ናት። ሜክሲኮ ተወልዳ እንግሊዝ ያደገች፣ በወጣትነቷም ለብሪታንያ የሮጠች ናት፤ ኡራጓይ የወላጆቿ አገር ነው። ዓለም በደስታና በአድናቆት ነው የተቀበላት፣ ይገባታልም። ነገር ግን ከአፍሪካ የመጣ አትሌት ተመሳሳይ ነገር ሲያደርግ ስለ ገበያና ስለ ታማኝነት የሚነሳው ጥያቄ እሷ ላይ አልተነሳም።

የእኛ ሕግም አጥሩን ከፍ ያደርገዋል። በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጠራል። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 ቢጫ ካርድ ይወስዳል፤ ቤት መግዛት፣ መነገድ፣ ያለ ቪዛ መግባት ይችላል፣ ዜጋ ግን አይደለም። ኬንያም በሯጯ በርናርድ ላጋት ይህ ገጥሟታል። ላጋት በ2004 አሜሪካዊ ከሆነ በኋላ በዚያው ዓመት አቴንስ ላይ ለኬንያ ብር አምጥቶ ነበር፤ ነገሩ ኋላ ሲታወቅ ትልቅ ጭቅጭቅ አስነሳ። በ2010 የጸደቀው የኬንያ ሕገ መንግሥት ጥምር ዜግነትን ፈቀደ። ይህ ማለት ዛሬ ከአገሩ ውጭ የሚሮጥ ኬንያዊ ሩጫውን ጨርሶ ቤቱ ሲመለስ ዜጋ ሆኖ ሊመለስ ይችላል። የእኛ ልጅ ግን የ22 ዓመት ልጅ ሆና በፈረመችው ወረቀት የተነሳ በ35 ዓመቷ እናቷ ቤት የውጭ አገር ሰው ሆና ነው የምትገባው።

አንዲት ልጅ ከበቆጂ ወይም ከማይጨው አዲስ አበባ መጥታ፣ በአንድ ክለብ ውስጥ በወር ደመወዝ እየሮጠች፣ በርቀቷ አሥራ አምስተኛ ናት እንበል። አንድ ማናጀር የሌላ አገር ዜግነት የሚያስገኝ ውል ያመጣላታል። ውሉ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ወይም በዐረብኛ ነው። ደመወዙ እስከ መቼ እንደሚቀጥል፣ ብትጎዳ ወይም ብትወልድ ምን እንደሚሆን፣ ዜግነቱ በምን ሁኔታ እንደሚነጠቅ፣ ስሟ ይቀየር አይቀየር፣ ደንቡ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚፈቅድ ኋላ ሌላ አገር መምረጥ እንደማትችል የሚነግራት ሰው የለም። ፌዴሬሽኑ ይህን ቀድሞ ሊያደርገው ይችላል፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ውሉን ቁጭ ብሎ የሚያነብላት አንድ የሕግ ባለሙያ መመደብ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ያ ሰው ካነበበላት በኋላም እሄዳለሁ ካለች ሻንጣዋን ይዛ ትሂድ።